ቀይ የማይደርስበት

ሥራዬ መድኃኒት መሸጥ ነው፣ ዱማጌቴ ከተማ፤
የሐኪም ጭረት አነባለሁ፣ በደብዛዛም በጨለማ።
ዓሣ ግን አቃተኝ፤
ገና ፊደሉን ስቆጥር፣ ገጹን ገልጦ አመለጠኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ሰማንያ ሦስት ፎቶ።
አምስቱ የገዛ ጣቴ፤ አንዱ የቶንግ ተረከዝ፣ ጎልቶ፤
የቀረው ጅራት ነው። ጅራት፣ ጅራት፣ ጅራት፤
ባሕሩ በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሄደባት
ቅዳሜ።

ቶንግ አየና ሳቀ። የክርስትና ስሙ ኤሌውቴርዮ ነው።
ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነው ያለው፤
ሦስቱ የት እንደ ሄዱ ዳዊን ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሣም።
«አታሳድጂው» አለኝ። «ዓሣ ባለዕዳ ነው፣ ከኋላ ሲመጡበት አይወድም።
ተንሳፈፊ፣ ርጊ። ትንፋሽሽን በቀስታ አውጪና ጠብቂ፤
የራሱ ጉጉት ያመጣዋል፤ አንቺ ብቻ አትነቃነቂ።»

ስምንት ሜትር ላይ ቀይ የለም። ይህን ማንም አልነገረኝ።
የመልሕቁ ገመድ ላይ የበቀለ ሹል ዛጎል ጣቴን ቧጨረኝ፤
ደሜ ሲወጣ አረንጓዴ ነበር።
ፈራሁ። የሌላ ፍጡር ደም በእኔ ሥር
ሲሄድ የኖረ መሰለኝ።
ቶንግ መብራቱን አበራ። ቀላ። የእኔው ሆነልኝ።

ማታ ማታ መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ ስድስት መቶ ገጽ፣ እንደ ጡብ የከበደ፤
የጉንጭ መስመር፣ የጀርባ እሾህ፣ ከዓይን ሥር ተነሥቶ ወደ አፍ የወረደ
ነጥብ እቆጥራለሁ።
ቶንግ መጽሐፍ አይገልጥም። በጣዕም ነው የሚያውቃቸው፦
«ይሄ ሞልሞል ነው፤ ሥጋው ልስልስ፣ ሆምጣጤ ነው የሚስማማው።
ይሄ ዳንጊት፤ ሰንጥቆ ማድረቅ፣ ከሩዝ ጋር ለቁርስ።
አሊባንግባንግ? እሾህ ብቻ። ድመት እንኳ አይቀምስ።»

አንዲት ትንሽ ነበረች፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ በነጭ ክብ የተጻፈች፤
ከዋሻው አፍ ሆና አንድ ጊዜ አየችኝና ገባች።
በሳምንቱ ሌላ፣ ሰሐን የሚያህል፣ ቢጫ ሽንትር በሽንትር።
ለሁለቱም ስም ፈልጌ፣ ሁለት መስመር ሞላሁ በደብተር።
ለካ አንድ ዘር ናቸው፤ ልጅና ሽማግሌ፤
እስኪያረጅ ልብሱን የሚቀይር። አፈርኩ በገዛ ባህሌ፤
በመልክ የታመነ ባህል።
«አውቀህ ነበር?» አልኩት። «ምጣድ ላይ» አለ «አንድ ይሆናል።»

ከመልሕቁ በስተደቡብ ምንም ያልበቀለበት ሜዳ አለ፤
ኮራሉ ደቅቆ፣ የሠርግ ማግስት ሸክላ መስሎ የዋለ።
እዚያ ስንደርስ ቶንግ ሁልጊዜ ቀዘፋው ይዘገያል።
በሰኔ ግን ቆመ። በሁለቱ ጣቱ አንድ ነገር ያሳያል፦
በፍርስራሹ መሐል ጥፍር የምታህል ነገር፣
ቀለም ገና ያልወጣላት፣ ስትገባ ስትወጣ፣ እንደ መርፌ ክር።
ትንፋሼን አወጣሁ፤ ተጫንኩ።

ማታ ስከፍተው ዓሣዋ ጭጋግ ናት፤
ክንፍ የላት፣ ዓይን የላት፣ ጣት ያረፈበት መስተዋት።
ጥርት ብሎ የወጣው እጁ ነው፤
የተሰፋበት ቆዳ፣ ጥፍር የሌለው ጉብታ፣
ሁሉም ቀይ፤ በብልጭታው ቀይ፣ ትናንት የሆነ ይመስል፣ ማታ።

መዝገቤ ላይ ቁጥር ሰጠሁት፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
ቀን፣ ጥልቀት፣ የውኃ ሙቀት።
የስሙን ቦታ ተውኩት።

እሑድ አሳየሁት። ብዙ ቆየና ስልኬን መለሰልኝ።
«ያቺ ትንሿ» አለ «የሞልሞል ልጅ ናት። ጻፊልኝ።
በልቻት አላውቅም፤ ይህን ስታህል።»
ጻፍኩ።

ዛሬ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፤ ጀልባ አይወጣም።
ካሜራዬ ባልዲ ውስጥ ነው፤ ቶንግ አጠገቤ፣ አይናገርም፤
በሁለት ጣቱ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫናል፣ ውኃ ውስጥ፣
ጨው ተደብቆ እንዳይቀር ከሥር፣ ከውስጥ።